«ኤግ» እና «ያይ»፦ ቮልዳ ላለችው ልጄ

የኔ ጌጥ፣

ሽሮው ደርሶሻል አይደል? ትናንት ስትደውዪ ስለ ኒኖርስክ፣ ስለዚያ ሁለተኛው የኖርዌይኛ ጽሕፈት፣ ስታማርሪ ቆየሽና ስለ ሽሮው ሳትነግሪኝ ዘጋሽው። «እማዬ፣ እዚህ ሁሉም ሰው 'እኔ' ለማለት 'ኤግ' ነው የሚለው። 'ያይ' ስል ዞር ብለው ያዩኛል» አልሽኝ። ኦስሎ ተወልደሽ፣ ኦስሎ ተምረሽ፣ የኔን ኖርዌይኛ ስታርሚ አድገሽ፣ ተራው አንቺ ጋ ደረሰ። ሳቄ አመለጠኝ፤ ይቅርታ።

ስልኩን ከዘጋሽው በኋላ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አንቺ ያረፍሽበት የሆቭደን አውሮፕላን ማረፊያ ያለው የኒኖርስክ አባት ኢቫር ኦሰን የተወለደበት መንደር ውስጥ ነው። ሻንጣሽን እየጎተትሽ በሰውየው ደጅ ነው ያለፍሽው። በስልክ ባወራሽ «እሺ እማዬ» ብለሽ ስለምታቋርጪኝ ልጻፍልሽ ብዬ ነው።

ከሱ ጋር ያስተዋወቁኝ መጦሪያ ቤት ስሠራ እንከባከባቸው የነበሩ አንዲት የሱንሞረ፣ የዚያው ያንቺ አካባቢ፣ እናት ናቸው። የቋንቋ ፈተናዬን አልፌ፣ ወረቀቴን ይዤ ነው የገባሁት። እሳቸው ሲያወሩኝ ግን ግማሹ አይገባኝም። ላለማፈር ዝም ብዬ ራሴን እነቀንቃለሁ። አንድ ቀን ምን እንደለመኑኝ እንጃ፣ ብርድ ልብስ ይዤላቸው መጣሁ። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁብኝ። ከዚያ መደርደሪያው ላይ ወዳለ መጽሐፍ ጠቆሙኝ። ሽፋኑ ላይ የሰውየው ፎቶ ነበር።

ኦሰን በ1813 የተወለደ የትንሽ ገበሬ ልጅ ነው። በ3 ዓመቱ እናቱ፣ በ13 ዓመቱ አባቱ ሞቱበት። በ18 ዓመቱ ከመንደር መንደር እየዞረ የሚያስተምር የገጠር አስተማሪ ሆነ። ዩኒቨርሲቲ አልገባም። ያኔ ኖርዌይ ከዴንማርክ ከተላቀቀች ሃያ ዓመት ገደማ ቢሆናትም ጽሕፈቱ ዴንማርክኛ እንደሆነ ቀርቶ ነበር። ገበሬው እቤቱ የሚያወራው ሌላ፣ መጽሐፍ ላይ የሚያነበው ሌላ። ኦሰን ይሄ ነገር የከነከነው ገና በ22 ዓመቱ ነው። በ1836 መጀመሪያ ላይ፣ አገሪቱ የራሷ የጽሕፈት ቋንቋ ያስፈልጋታል፣ መሠረቱም የገበሬው አነጋገር ይሁን ብሎ ጻፈ።

እኔ የምወደው በ1841 ወደ በርገን የሄደበትን ነው። ወደ 500 የሚጠጉ ዕፅዋት ለቅሞ፣ አድርቆ፣ ስም ጽፎላቸው ነበር። ከነሱ ጋር የሱንሞረን አነጋገር ሰዋስው በእጁ ጽፎ ያዘና ጳጳሱ ዘንድ ቀረበ። ሰዎቹን የማረካቸው ግን ሰዋስው ሆነ። ወሬው ትሮንድሄም ድረስ ሄደ፤ እዚያ ያለው የሳይንስ ማኅበር ለጉዞ ገንዘብ ሰጠው። እንዲህ ሆኖ አበባ ለቃሚው ቃል ለቃሚ ሆነ። ከ1842 እስከ 1846 በእግርና በጀልባ በሰሜን እስካለው ሄልገላን ዞረ። የጠየቀውም ፕሮፌሰር ሳይሆን ከብት የሚያልበውን፣ ዓሣ የሚያጠምደውን ሰው ነው።

በ1848 ሰዋስው፣ በ1850 ወደ 25,000 ቃል ያለው መዝገበ ቃላት ወጣ። በ1856 ደግሞ የተረትና ምሳሌ ስብስብ አሳተመ፤ እሱስ ላንቺ እንኳ ይጥምሻል። መዝገበ ቃላቱን ሲያሰፋው ቆይቶ በ1873 ወደ 40,000 ቃል አደረሰው። ደግሞ የመንደሩን አነጋገር በሌላው ላይ የጫነ እንዳይመስልሽ። የየአካባቢውን ቃል ጎን ለጎን አስቀምጦ ሁሉንም የሚያገናኘውን ቅርጽ ይፈልግ ነበር፤ ሲጠፋው የጥንቱን ኖርስኛ ያያል። አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማውም። በዴንማርክኛ በኩል የገቡትን የጀርመን ቃላት፣ እነዚያን በ«በ» እና በ«አን» የሚጀምሩትን፣ አብዛኞቹን አላስገባም አለ። ሕዝቡ እኮ ይናገራቸው ነበር! የሕዝብ ቋንቋ ካልን አይቀር ምን አስመረጠው?

ያልወደዱትም ብዙ ነበሩ። ደራሲው ኢብሰን «ፔር ጊንት» በሚባለው ተውኔቱ ላይ፣ የዝንጀሮ ጩኸት ቋንቋችን ይሁን የሚል ሁሁ የሚባል ሰው አስገብቶ እንደ ኦሰን ያሉትን አላገጠባቸው። አሁን ሁለቱም እዚህ ኦስሎ፣ ቮር ፍሬልሰርስ መቃብር ውስጥ ተኝተዋል። ከሥራ ስመለስ በዚያ ሳልፍ ይጣሉ ይሆን እላለሁ።

ኦሰን ሚስት አላገባም። መንግሥት በሚቆርጥለት ገንዘብ፣ በኪራይ ክፍል፣ በመጻሕፍት ክምር መሃል አረጀ። ደግነቱ በ1885 ፓርላማው የሱን ቋንቋ፣ ዛሬ ኒኖርስክ የምትሉትን፣ ከዴንማርክኛው ጽሕፈት እኩል ሲያደርገው በሕይወት ነበር። የሞተው በ1896 ነው። ከሱ የቀጠለው ትልቁ መዝገበ ቃላት በ1930 ተጀምሮ በ2016 አለቀ፤ 12 ቅጽ። የመጨረሻው ቅጽ ሲወጣ አንቺ ትምህርት ቤት ነበርሽ።

እንግዲህ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። እኚያ እናት ማታ ማታ መብራት ሳጠፋላቸው የሚሉኝ አንድ ቃል ነበራቸው። ምን ማለት እንደሆነ መጠየቅ አፍሬ፣ አንድ ቀን የሺፍት ወረቀቴ ጀርባ ላይ እንደሰማሁት በፊደላችን ጻፍኩት። ነገ እጠይቃለሁ እያልኩ ሳልጠይቃቸው አረፉ። ወረቀቱ አሁንም አለ፤ ፎቶ አንስቼ በቫይበር ልኬልሻለሁ። ጮክ ብለሽ አንብቢውና እዚያ ካሉት ትልልቅ ሰዎች አንዱን ጠይቂልኝ።

እናትሽ