ከመስታወቱ በፊት ተራራው ይዘጋጅ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ስለ ትልቁ ቴሌስኮፕ ነው። በላሊበላ አካባቢ ካሉት ተራሮች በአንዱ ላይ ትልቅ የምርምር ቴሌስኮፕ ይተከል የሚለው ሐሳብ ሲነሳ ሲወድቅ ዓመታት ሆኑት። ሐሳቡን ከልቤ እደግፋለሁ። ግን ወሬው በተነሳ ቁጥር የምንሰማው የኮከቡን ብርሃን የሚሰበስበው መስታወቱ ስንት ሜትር ይሆናል፣ ከየት ይገዛል፣ ከአፍሪካ ስንተኛ ያደርገናል የሚለውን ብቻ ነው። መንገዱንስ ማን ይሠራል? መብራቱስ? ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? ዋናው ሥራ እኮ እዚያ ላይ ነው ያለው።

እኔ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ አይደለሁም። ከፒያሳ እስከ ስታዲየም ባሉ ሕንፃዎች ሊፍት እየገጠምኩ ነው የምኖረው። ከባድ ማሽን ከሳጥን አውጥቶ ሚሊሜትር ሳያዛንፉ ቦታው ላይ ማሳረፍ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። በስንት ደጅ ጥናት በተገኘ የውጭ ምንዛሪ የመጣ ሊፍት መሃል ከተማ ባለ አንድ ሕንፃ ምድር ቤት እንደታሸገ ሲከርም አይቻለሁ። ሻፍቱ፣ ማለትም ሊፍቱ የሚመላለስበት ክፍተት፣ ከልኩ ጠቦ ተሠርቷል፣ ባለ ሦስት ፌዝ መብራቱም አልገባም። ማሽኑ አንድም ነገር አልጎደለውም፣ ሰው ግን ስድስተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ ይወጣ ነበር። አዲስ አበባ መሃል እንዲህ ከሆነ 4,000 ሜትር ላይ ምን ሊገጥመን እንደሚችል አስቡት።

ተራሮቻችን በእርግጥ ያጓጓሉ። ላሊበላ አጠገብ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከፍታው ከ4,200 ሜትር ይበልጣል። እዚያ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ እርጥበቱም ይቀንሳል፣ የኮከቡ ብርሃን ብዙ ሳይረበሽ ይደርሳል። ላሊበላ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ከሰሜኑም ከደቡቡም ሰማይ አብዛኛውን ከአንድ ቦታ ማየት ይቻላል፤ ይህን ዕድል ቺሊ ያሉት ግዙፍ ቴሌስኮፖች አላገኙትም። ክረምታችን ግን ደመና ነው። ስለዚህ ቦታው የሚመረጠው ባለሥልጣን ጎብኝቶት ሳይሆን ነፋሱ፣ እርጥበቱ፣ ደመናውና የአየሩ መናወጥ ሌሊት ሌሊት ለዓመታት ተለክቶ ነው። ደግሞም ተራራው የቀይ ቀበሮና የጭላዳ ቤት ነው፤ መንገድ ሲቆረጥ እነሱም ይታሰቡ።

አሁን ወደ ጭነቱ ልምጣ። ቺሊ፣ አታካማ በረሃ፣ ፓራናል ተራራ ላይ አራት ትልልቅ ቴሌስኮፖች አሉ። የእያንዳንዳቸው ዋና መስታወት 8.2 ሜትር ስፋት አለው፣ ከ20 ቶን በላይ ይመዝናል፣ ውፍረቱ ግን 17.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። መስታወቶቹ ፈረንሳይ አገር ተሞርደው በመርከብ አንቶፋጋስታ ወደብ ደረሱ፣ ከዚያ በልዩ ተጎታች በእግረኛ ፍጥነት በረሃውን አቋርጠው ተራራው ላይ ወጡ። እንዲህ ያለ ነገር ከጅቡቲ ተነስቶ የአፋርን ሜዳ አልፎ የወሎን ጠመዝማዛ ዳገት ሲወጣ ይታያችሁ። የትኛው ድልድይ ይሸከመዋል? የትኛው ኩርባ ያሳልፈዋል?

ደቡብ አፍሪካውያን ግን ሌላ መንገድ መረጡ። እዚያው አገራቸው ሰዘርላንድ በምትባል ቦታ የተከሉት ሳልት የሚባለው ቴሌስኮፕ መስታወቱ ከ91 ቁራጮች የተገጣጠመ ነው፤ እያንዳንዱ አንድ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። አንዱ ሲቆሽሽ ወይም ሲበላሽ ለብቻው ይወጣል፣ ይታደሳል፣ ይመለሳል። ቺሊ ውስጥ በአርማዞኔስ ተራራ ላይ እየተሠራ ያለው የ39 ሜትሩ መስታወትም 798 ቁራጮች አሉት። ለእኛ መንገድና ለእኛ ክሬን የሚሆነው እንዲህ ያለው ነው ብዬ አምናለሁ።

ከሳልት የምንማረው ሌላም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 ተመረቀ። ከዚያ ምስሉ ጥራት የለውም ተባለ፤ ችግሩን ፈልገው አገኙት፣ ብርሃኑን የሚያስተካክለውን ክፍል አውርደው ፈትተው ጠገኑት፣ መደበኛ ሥራው በሙሉ ኃይል የተጀመረው በ2011 ነው። ይህን ያህል ዓመት የታገሡት ወርክሾፕና ባለሙያ ስለነበራቸው ነው። እኛ ጋ ሪባን ከተቆረጠ በኋላ ለጥገና የሚመደበውን በጀት እናውቀዋለን! መስታወቱ ላይ ያለው አሉሚኒየም እኮ ከፀጉር በሺህ እጥፍ ያህል የቀጠነ ነው፣ አቧራና እርጥበት ይበላዋል፣ በየጊዜው ታጥቦ አየር በሌለበት ታንክ ውስጥ እንደገና መቀባት አለበት። ያ ታንክ ከቴሌስኮፑ ጋር አብሮ መገዛት አለበት። ቴሌስኮፑ የሚቆምበት የኮንክሪት ምሰሶም መሠረቱ ከሕንፃው መሠረት ተለይቶ ይሠራ፤ አለዚያ በር በተዘጋ፣ ሞተር በተነሳ ቁጥር ምስሉ ይንቀጠቀጣል።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን ጨለማው ነው። እንጦጦ 3,200 ሜትር ላይ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን። ብዙ ሰው የደከመበት፣ ብዙ ወጣት የተማረበት ቦታ ነው። ከሥሩ ግን አዲስ አበባ አለች። ከአራት ኪሎ ቀና ብላችሁ እዩ፣ ስንት ኮከብ ይታያችኋል? የኮሪደር ልማቱ መብራት ለእግረኛ መልካም ነው፣ እኔም አመሻሽቼ ስገባ ተመችቶኛል። ነገር ግን መብራቱ ክዳን ኖሮት ወደ መሬት ብቻ ቢያበራ እግረኛውም አይጎዳ፣ ሰማዩም ይተርፍ ነበር። ላሊበላም ሆቴሉ እየበዛ፣ ከተማው እየሰፋ ነው። ደቡብ አፍሪካ የምልከታ ቦታዎቿን የሚጠብቅ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2007 አውጥታለች። እኛ ቴሌስኮፑ እስኪመጣ ከጠበቅን የምንጠብቀው ጨለማ አይኖርም። ሕጉን ለማውጣት ደግሞ ዶላር አያስፈልግም።

ሰው የማሠልጠኑ ነገርም እንዲሁ ነው። የአካባቢው ሰላም ተመልሶ ሥራው እስኪጀመር ድረስ ከላሊበላና ከወልድያ የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች ተመርጠው እንጦጦ ባሉት ቴሌስኮፖች ላይ መፍታትና መግጠም ይማሩ። የተወሰኑትም ሰዘርላንድ ሄደው አብረው እየሠሩ ይመለሱ። የውጭ ባለሙያ አስር ቀን ቆይቶ ሲሄድ ምን እንደሚከተል እኛ ገጣሚዎች በየሕንፃው እናየዋለን፤ ትንሽ ሴንሰር ተበላሽታ ሙሉ ማሽን ይቆማል፣ ዕቃው እስኪመጣ ወራት ያልፋል።

ስለዚህ አዘጋጅ ሆይ፣ ጉዳዩ የሚመለከተውን ተቋም ሦስት ነገር ጠይቁልን። እስካሁን በየትኛው ተራራ ላይ ምን ተለካ? ጨለማውን የሚጠብቅ ረቂቅ ሕግ አለ ወይ? የጥገና ባለሙያ ሥልጠና መቼ ይጀመራል? መልሱን ስታገኙ እዚሁ ገጽ ላይ አትሙልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሊፍት ገጠማ ባለሙያ
ከአራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ