ድድሽ ስለደማ ብሩሹን አታስቀምጪው

አልሜ፣ እንዴት ከርመሻል? ልጆቹስ? ኑሮ ይዞን ጠፋፍተን ከረምን። የላክሽውን የድምፅ መልእክት ግን ሰምቼ ዝም ማለት አቃተኝ። «ድዴ ስለሚደማ መቦረሽ ተውኩ» ትያለሽ?

ክሊኒካችን የሚመጣው ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚለኝ። ደም ሲያይ ይደነግጥና ብሩሹን ያስቀምጣል። ድዱን የሚያደማው ግን አብዛኛውን ጊዜ ብሩሹ ሳይሆን ጥርስና ድድ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ የሚከማቸው ባክቴሪያ ነው። ድዱ ይቆጣል፣ ይቀላል፣ ያብጣል፤ ትንሽ ሲነኩት ይደማል። በ1965 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ዴንማርክ ውስጥ ሃራልድ ሎ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ 12 ጤነኛ ሰዎች ጥርስ ማጽዳት እንዲያቆሙ አደረጉ። በሦስት ሳምንት ውስጥ የሁሉም ድድ ተቆጣ። ማጽዳት ሲጀምሩ ደግሞ በሳምንት ገደማ ዳነ።

ስለዚህ ለስላሳ ብሩሽ ግዢ። ወደ ድዱ ዘንበል አድርገሽ ቀስ ብለሽ ቦርሺ። መፋቂያም አልጠላም፣ ጫፉ በደንብ ይለስልስ እንጂ። መጀመሪያ ሰሞን መድማቱ አይቀርም፣ አትፍሪ። ደርቆ ድንጋይ የሆነውን ታርታር ግን ብሩሽ አያነሳውም፤ ጥርስ ሐኪም ጋ መታጠብ አለበት።

እትዬ «ተነቀሺው» ማለታቸው አሳቀኝ። ጥቁር ድድ ውበት ነው፣ እሱን አልነካም። ግን ንቅሳት የቀላውን ድድ ይሸፍነዋል እንጂ ባክቴሪያውን አያነሳም። መርፌው ንጹሕ ካልሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ድዴ አብጧልም ያልሽው ነው። የግፊት መድኃኒት ጀምሬያለሁ ብለሻል። አምሎዲፒን ወይም ኒፈዲፒን ከሆነ አንዳንድ ሰው ላይ ድድ ያሳብጣል። በራስሽ እንዳታቆሚው! ላዘዘልሽ ሐኪም ንገሪው፣ ሊቀይርልሽ ይችላል። ስኳርሽንም ተለኪ። ስኳር ድድን ይጎዳል፤ የታመመ ድድም በተራው ስኳርን ያስቸግራል። እርግዝናም ድድ ያሳብጣል (ደብቀሽኝ ከሆነ ግን ተጣላን!)።

ባልሽ «እኔ ሲጋራ እያጨስኩ እንኳ አይደማኝም» እያለ አይኩራ። ሲጋራ የድድን ደም ሥር ስለሚያጠብ መድማቱን ይደብቀዋል፤ አጥንቱ ግን ውስጥ ውስጡን ይበላል። እሱንም ይዘሽው ሂጂ።

ጥርስሽ ከተነቃነቀ፣ መግል ካየሽ ወይም ሳትነኪው ከደማና ሰውነትሽ ላይ ያለ ምክንያት ሰማያዊ ምልክት ከወጣ ቀን አትቁጠሪ፣ ቶሎ ታዪ። አሁን ግን የመድኃኒቱን ካርቶን ፎቶ አንሺና ላኪልኝ፣ ስሙን ልየው።