በሜሪ መዳን እጃችሁ ላለበት ሁሉ

ከሁሉ በፊት ለእማማ። ተቅማጥና ሽታ ያስቸገራትን ውሻዎን ሜሪን ያዳናት እኛ ሐኪሞቿ ያዘዝንላት ክኒን ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን መልእክት መጻፍ ባላስፈለገን። መድኃኒቱ የአምስት ቀን ነው፤ ቀሪውን የሠራችሁት እርስዎ፣ የግቢው ልጆች፣ ስጋ ቤቱና ጎረቤቶችዎ ናችሁ። ምስጋናውን በአደባባይ ያደረግነው ሆዱ የማይጸና፣ ታጥቦም የሚሸት ውሻ በደሴም በኮምቦልቻም በየግቢው ስላለ ነው። ማን ምን እንደሠራ ቢታወቅ ለሌላውም ይጠቅማል።

እማማ፣ የመጀመሪያው ውለታዎ በየቦታው የተሰጣትን መድኃኒት ማቆምዎ ነው። ከአንዱ ቦታ አልቤንዳዞል የተባለ የከብት የትል መድኃኒት፣ ከሌላው ሜትሮኒዳዞል የተባለ አንቲባዮቲክ ስትወስድ ነበር። ሜትሮኒዳዞል ተቅማጡን ያስታግሳል እንጂ የተቅማጧን ምንጭ ጃርዲያን፣ በዓይን የማይታየውን የአንጀት ጥገኛ፣ ብዙ ጊዜ ጨርሶ አያጠፋም፤ ሰንበት ብሎ ይመለሳል። መጠኑ ከበዛ ደግሞ ውሻው ይንገዳገዳል። አልቤንዳዞል የውሻን መቅኒ ሊጎዳ ስለሚችል እኛ አንመርጠውም።

ሁለተኛው ናሙናው ነው። ጃርዲያ በየቀኑ ከዓይነ ምድር ጋር አይወጣም፤ ዛሬ ሞልቶ ይታያል፣ ነገ ይጠፋል። በአምስት ቀን ውስጥ ሦስት ናሙና የምንጠይቀው ለዚህ ነው። እርስዎ ያመጧቸው ብልቃጦች ክዳናቸው የገጠመ፣ ቀንና ሰዓቱ በእስክሪብቶ የተጻፈባቸው፣ መሬት ያልነካው የላይኛው ክፍል ብቻ የተጨለፈባቸው ነበሩ። አውራ ጣት የሚያህል ይበቃል። አፈር የገባበት ናሙና የአፈሩን ትል የውሻው አስመስሎ ያሳስታል።

ማይክሮስኮፑ ላይ ለተቀመጠው ልጃችንም ምስጋና ይገባዋል። ናሙናውን በስኳር ውሃ ቢያንሳፍፈው የጃርዲያው ሲስት፣ ማለትም ከሆድ በሽፋን ተጠቅልሎ የሚወጣው ጃርዲያ፣ ተጨማዶ አይለይም ነበር። 331 ግራም ዚንክ ሰልፌት በአንድ ሊትር ውሃ አሟሙቶ፣ ልዩ ክብደቱን (ከንጹህ ውሃ ጋር ሲነጻጸር ያለውን ክብደት) 1.18 ላይ አስተካክሎ፣ ናሙናውን በውስጡ ለአምስት ደቂቃ ሴንትሪፊዩጅ በሚባለው ማሽከርከሪያ አዞረው። ከዚያ አንድ ጠብታ አዮዲን ጨመረበት። ከ8 እስከ 12 ማይክሮን የሚሆኑት ሞላላ ሲስቶች በመጨረሻው ናሙና ላይ ታዩ። «የለም» ብሎ በመጀመሪያው ቢዘጋው ኖሮ ሜሪ ዛሬም ታስቀምጥ ነበር።

ያዘዝነው ፌንቤንዳዞል የተባለውን የጥገኛ ተሕዋስያን መድኃኒት ነው፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ 50 ሚሊ ግራም፣ በቀን አንድ ጊዜ፣ ለአምስት ቀን፣ ከምግብ ጋር። ሜሪ 15 ኪሎ ስለሆነች በቀን 750 ሚሊ ግራም ደረሳት። ለከብት የሚመጣው ትልቁ ክኒን ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል፤ ላዩ ላይ የተጻፈውን ሚሊ ግራም ሳያነቡ «ግማሹን ስጧት» ማለት መገመት ነው። ውሻውንም መመዘን ቀላል ነው፤ ይዘውት ሚዛን ላይ ይወጡና የራስዎን ኪሎ ይቀንሳሉ። ግቢው ውስጥ ሌላ ውሻ ካለ ተቅማጥ ባይኖረውም አብሮ መታከም አለበት።

የግቢው ልጆች፣ ከክኒኑ ያልተናነሰ ሥራ የሠራችሁት እናንተ ናችሁ። የጃርዲያ ሲስት የሚጠላው መድረቅን ነው። በደሴ የሐምሌ ጭጋግና ብርድ ውስጥ ግን እርጥብ መሬት ላይ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል፤ ውሻዋም እግሯንና ጭራዋን ስትልስ መልሳ ትውጠዋለች። ዓይነ ምድሯን በየዕለቱ፣ እጃችሁን በፌስታል ሸፍናችሁ ማንሳታችሁና እጃችሁን በሳሙና መታጠባችሁ ያንን ዑደት ሰበረው። ሲሚንቶውን መጀመሪያ በሳሙና ፈግፍጋችሁ ማጠባችሁም ትክክል ነበር፤ ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና ኃይሉን እዚያው ይጨርሳል። ከዚያ አንድ ኩባያ በረኪና ለ20 ኩባያ ውሃ፣ አሥር ደቂቃ ማቆየት፣ ማለቅለቅ፣ ማድረቅ። ሽንት ያለበት ቦታ ላይ በረኪና እንዳይደፋ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። አፈር ላይ በረኪና አይሠራም፤ እዚያ ጠጠር አልብሶ ውሃ እንዳይቋጥር ማድረግ ነው። ስትተኛበት የነበረውን ማዳበሪያ ማቃጠላችሁም ደግ አደረጋችሁ።

የመጠጥ ውሃዋን ያፈላችሁላትም እናንተ ናችሁ። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ መቆየት አለበት። ታች ኮምቦልቻ ከ2,000 ሜትር በታች ስለሆነ አንድ ደቂቃ ይበቃል።

ወደ ሽታው እንምጣ። ተቅማጡ ከቆመም በኋላ ብዙ ሰው ያማረረው እሱን ነበር፤ ቤቱን በዕጣን ማጠን ደግሞ በወሎ የተለመደ ነውና ማንም አልሰነፈም። ዕጣን ግን ሽታን ይሸፍናል እንጂ ምንጩን አያገኝም። ምንጩን ለማግኘት አፍንጫን አስጠግቶ አፍ፣ ጆሮ፣ ቆዳ፣ ጭራ ሥር እያሉ በተራ ማሽተት ይጠይቃል። እማማ፣ «ከጭራዋ ሥር ነው፣ ከሐይቅ መጥቶ ያደረ ዓሣ ይሸታል» ብለው ነገሩን ያቀለሉልን እርስዎ ነዎት። በፊንጢጣ ግራና ቀኝ፣ በሰዓት መቁጠሪያ 4 እና 8 በሚሆኑበት ቦታ፣ ሁለት ትንንሽ ከረጢቶች አሉ። ጠንካራ ዓይነ ምድር ሲወጣ ተጭኖ ያፈሳቸዋል፤ ለረጅም ጊዜ የላላ ከሆነ ግን እየሞሉ፣ ፈሳሹም እየወፈረ ይሄዳል። ውሻዋ መሬት ላይ ቂጧን የምትጎትተው ያኔ ነው። በጓንት፣ በቫዝሊንና በጎዝ፣ ከሥር ወደ ላይ በቀስታ ተጭነን አፈሰስናቸው። ካበጠ፣ ከቀላ ወይም ደምና መግል ካለው ቤት ውስጥ አይሞከርም፤ ይፈነዳል።

ሌላው ሽታ የቆዳዋ ነበር፤ ብብቷና የጣቶቿ መካከል ቅባት የያዘ፣ የሚያሳክክ፣ እርሾ የበዛበት። ክሎርሄክሲዲን የተባለው ጀርም ገዳይ ያለበት ሻምፑ ጠፍቶ በነበረበት ጊዜ ኮምቦልቻ ያለችው ፋርማሲስት እህታችን 2 ፐርሰንት ኬቶኮናዞል (ፈንገስና እርሾ ገዳይ) ያለበት ሻምፑ ፈልጋ በሚኒባስ ላከችልን፤ ክበሪልን። ሻምፑው በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ለሦስት ሳምንት ነው። አረፋው ቆዳዋ ላይ አሥር ደቂቃ ይቆያል፤ ብዙዎች ወዲያው ስለሚያለቀልቁት ነው «አልሠራም» የሚሉት። የመጀመሪያው እጥበት ፌንቤንዳዞሉ በሚያልቅበት ቀን እንዲውል ያደረግነው ጭራዋ ሥር የተጣበቀው ሲስትም አብሮ እንዲሄድ ነው፤ እዚያ ያለው ጸጉር አስቀድሞ ይከረከማል። በኦሞ ማጠብና ሎሚ መቀባት ቆዳውን ያቆስላል። በደሴ ብርድ ደግሞ እኩለ ቀን ላይ፣ ለብ ባለ ውሃ ታጥባ በፎጣ እስክትደርቅ መታሸት አለባት፤ እርጥብ የቀረ ቆዳ እርሾውን መልሶ ይጠራል።

ለስጋ ቤቱ ወንድማችን፦ ጮማ የሌለውን ቀይ ስጋ መርጠህ ስለሰጠህ እናመሰግናለን። 400 ግራም የበሰለ ሩዝና 200 ግራም ቅቅል ቀይ ስጋ፣ ለአራት ተከፍሎ፣ የ15 ኪሎ ውሻ የቀን ቀለብ ነው፤ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በርበሬና ቅቤ የለበትም። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል፤ ወጥ የነካው እንጀራ ሜሪን ሲያውካት የኖረውም በዚህና በቅባቱ ነው። ይህ ቀለብ ካልሲየም ስለሌለው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው፤ ከዚያ በሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ መደበኛ ምግቧ ትመለሳለች። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የምናከብርህ ግን ውሃ የቋጠረውን ሳንባና ጉበት ለውሾች መወርወር ትተህ ጉድጓድ ስለቆፈርክ ነው። ያ ቋጠሮ በውሻ ሆድ ውስጥ ጥቃቅን የኮሶ ትል ይሆናል፤ ውሻው ምንም የታመመ ሳይመስል ከዓይነ ምድሩ ጋር የሚወጣው የትሉ እንቁላል ሰው ጉበት ውስጥ ሌላ ቋጠሮ ያበቅላል። ፌንቤንዳዞል ይህንን ትል ስለማያስወጣ ለሜሪ 75 ሚሊ ግራም ፕራዚኳንቴል ጨምረንላታል፤ ጥሬ የሆድ ዕቃ የሚያገኝ ውሻ በየስድስት ሳምንቱ መውሰድ አለበት። ለአረፋም ለፋሲካም እርድ ጉድጓዱ ይቆፈር።

ሐጂ፣ የሶላት ቦታዎ ከግቢው ግድግዳ ጋር የተያያዘ ነው፤ የሜሪ እጣቢ ወደ በርዎ ሲወርድ ውሻዋ ትውጣ ማለት መብትዎ ነበር። እርስዎ ግን ቦዩ በእርስዎ በኩል እንዲቆፈር ፈቀዱ፤ ከዚያ ወዲህ ሜሪ የምትጠጣው ኩሬ የለም። አላህ ይጨምርልዎ።

መድኃኒቱ ካለቀ ከአንድና ከሁለት ቀን በኋላ በተመረመረው ናሙና ሲስት አልታየም። እማማ፣ ዓይነ ምድሯ እንደገና ከላላ ከክኒን በፊት ብልቃጡ ይቅደም። ደም ካስቀመጣት፣ ደጋግማ ካስመለሳት፣ ወይም ድዷ ከደረቀና ቆንጥጠው የለቀቁት ቆዳዋ ወዲያው ካልተመለሰ ግን ናሙና ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ይምጡ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሜሪ ሐኪሞች፣ ደሴ