በደን ውስጥ የሚከፈት ቦረቦር መነሻው ከደኑ በላይ ነው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

የአፈር መሸርሸር በተነሣ ቁጥር የሚሰጠው መልስ ችግኝ መትከል ነው። በተራቆተ መሬት ላይ ይህ ትክክል መሆኑን አልክድም፤ እንደ ጎጀብ ባሉ የደቡብ ምዕራብ ወንዞች ሸለቆ ዳር የምንኖር ሰዎች ግን ደን በለበሰ ቁልቁለት ላይም ቦረቦር ሲከፈት እናያለን።

ባልተነካ ደን ውስጥ ዝናብ ጎርፍ ሆኖ የሚወርደው ከስንት አንዴ ነው፤ በመሬቱ ላይ የተነጠፈው የረገፈ ቅጠል ውሃውን ይዞ ቀስ እያለ ያሰርገዋል። (ከረጅም ዛፍ ላይ ተጠራቅሞ የሚወድቀው ጠብታ እንዲያውም ከተራው ዝናብ ይከብዳል፤ አፈሩን የሚያድነው የዛፉ ቁመት ሳይሆን ከሥር ያለው ንጣፍ ነው።) ጣጣው የሚመጣው ከላይ ነው። ከሸለቆው አፋፍ በላይ ያለው ደልዳላ መሬት ለእርሻና ለመኖሪያ ሲመነጠር፣ መንገድም ሲያልፍበት፣ ቀድሞ ተበትኖ ይሰርግ የነበረው ውሃ በመንገዱ ዳር ቦይ ተሰብስቦ ከመንገዱ ሥር በሚያልፍ አንድ ቱቦ አፍ ወደ ቁልቁለቱ ይለቀቃል። የመቀሌ–ዓድዋ መንገድ ከተሠራ በኋላ ከቱቦዎቹ በታች ቦረቦሮች መከፈታቸው በጥናት ታይቷል፤ አካባቢው ደረቅና የተራቆተ ቢሆንም የውሃው አሠራር ግን ያው ነው።

የተሰበሰበው ውሃ በመጀመሪያ ቅጠሉን ጠርጎ ይወስዳል፤ ቀጥሎም ሥር ያልያዘውን ጥልቅ ቀይ አፈር ሲያገኝ ይቆርጠዋል። ከተቆረጠው አፈር ጫፍ የሚወረወረው ውሃ ግርጌውን እየቦረቦረ ጉድጓድ ስለሚያበጅ፣ ከላይ በሥር ተይዞ የቀረው አፈር ድጋፍ አጥቶ ከነዛፉ ይናዳል፤ በዚህም የተነሣ ውሃው ወደ ታች ሲወርድ ቦረቦሩ ወደ ላይ፣ ወደ መንገዱና ወደ እርሻው ያድጋል። የወደቀው ግንድ ደግሞ ውሃውን ወደ ጎን ገፍቶ ግድግዳውን ያስበላል። ክረምቱ ሊያበቃ ሲቃረብ አፈሩ ውሃ ጠግቦ ስለሚከብድ ዝናብ በሌለበት ቀን እንኳ ግድግዳው ይደረመሳል። ወንዙም በበኩሉ የቁልቁለቱን እግር ሲበላ ሌላ ቦረቦር ከታች ይነሣል።

እንዲህ ባለ ቦታ ተጨማሪ ችግኝ መትከል ብዙም አይፈይድም። በሌላ ስፍራ አፈር በመያዝ የሚመሰገነው ቬቲቨር ሣርም ጥላ ስለማይወድ በጥቅጥቅ ደን ሥር አይጠናም። መቅደም ያለበት ከቦረቦሩ አናት በላይ ውሃውን መቀነስ ነው፦ በእርሻው ላይ እርከን፣ በመንገዱ ላይ ውሃውን የሚከፋፍሉ ተቀራራቢ ቱቦዎች፣ ከቱቦው አፍም እስከ ዓለታማ መፋሰሻ ድረስ በድንጋይ የተነጠፈ መውረጃ። መቀልበሻ ቦይ ብቻውን ከተቆፈረ ችግሩን ወደ ጎረቤት ቁልቁለት ያዛውረዋል። ውሃውን ለማዘግየት በቦረቦሩ ውስጥ የሚሠራው ክትርም የሚጸናው አናቱ ላይ የሚመጣው ውሃ ከተቀነሰ በኋላ ነው።

ጎጀብ ኦሞን የሚቀላቀለው ከግልገል ጊቤ 3 ግድብ በላይ በመሆኑ የሚታጠበው አፈር የሚያርፈው እዚያው በግድቡ ሐይቅ ውስጥ ነው፤ ጉዳቱ የአርሶ አደሩ ብቻ አይደለም። ስለዚህ የመውረጃው ወጪ ለአርሶ አደሩ የዘመቻ ሥራ ከሚተው፣ መንገዱ ሲነደፍ በበጀቱ ውስጥ እንዲያዝ እጠይቃለሁ።

አንድ አንባቢ፣ ከቦንጋ