የጎንደር የሙቀት አሃዝ ከመዝገቡ ጋር ይነበብ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

«ጎንደር በ30 ዓመት ይህን ያህል ዲግሪ ሞቃለች» የሚሉ ጽሑፎች አሃዙ እንዴት እንደተለካ አይነግሩንም። ሙቀት መጨመሩ አያከራክርም፤ የሚያከራክረው መጠኑ ነው። አንድ ቀን ከፍ፣ ሌላ ቀን ዝቅ ተደርጎ የተነበበ በአማካዩ ይካካሳል። ዘወትር ወደ አንድ ወገን የሚያጋድል ስህተት ግን የ30 ዓመት አማካይም አያጠፋውም።

ዋናው ተንኮለኛ የንባብ ሰዓት ነው። የዕለቱን ከፍተኛ ሙቀት የሚይዘው ቴርሞሜትር ሜርኩሪው ካልተራገፈ አይወርድም። በቀን አንዴ ብቻ፣ ከቀትር በኋላ በ10 ሰዓት አንብበው ሲያራግፉት የዚያኑ ሰዓት ሙቀት ይዞ ያድራል። ማግስቱ ደመናማና ቀዝቃዛ ቢሆንም በስሙ የሚመዘገበው የትናንቱ ሙቀት ነው፤ አንዱ ሞቃት ቀን ሁለቴ ተቆጠረ። በብርዱ ማለዳ ሲነበብ ደግሞ ዝቅተኛውን የሚይዘው ቴርሞሜትር ቀዝቃዛውን ሌሊት ይደግማል። ስለዚህ ንባቡ ከማታ ወደ ጠዋት ቢዛወር አየሩ ሳይለወጥ መዝገቡ ይቀዘቅዛል።

የቴርሞሜትሩ ነጭ ሳጥን ቀለሙ ሲጠቁር ቀን ቀን ውስጡ ይሞቃል። ፀሐይ እንዳይገባበት በሩን ወደ ሰሜን ማዞርም ለእኛ አይበቃም፤ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ፀሐይ ጎንደርን በሰሜን በኩል ስለምታልፍ በሩ ሲከፈት ብርሃን ሊገባ ይችላል። ከፍታም አለ፦ 100 ሜትር መውረድ 0.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ያሞቃል። ከመሃል ከተማ ዝቅ ብሎ ወዳለው አዘዞ የተዛወረ ጣቢያ የአሥርት ዓመታት ለውጥ ያየ ሊመስል ይችላል።

ዝናብ መለኪያ በጠባዩ ያሳንሳል። አፉ ላይ የሚዞረው ነፋስ ከዝናቡ ከመቶ 3 እስከ 10 ያሻግራል፤ እንደ ባዘቶ የሚወርድ በረዶ ባለባቸው አገሮች ጉድለቱ ግማሽ ሊደርስ፣ ሊያልፍም ይችላል። የእኛ የበረዶ ጠጠር ነጥሮ ይወጣል፤ የቀረውን በተለካ ሙቅ ውሃ አቅልጦ የተጨመረውን መቀነስ ነው። በአቅራቢያው የተተከለ ባሕር ዛፍ እያደገ ዝናቡን ይጋርዳል፤ ርቀቱ ቢያንስ የቁመቱ እጥፍ ይሁን። መለኪያ ብርጭቆው ለ200 ካሬ ሴንቲ ሜትር አፍ ተሠርቶ ለ314 ካሬ ሴንቲ ሜትር አፍ ከዋለ ዝናቡ በ57 ከመቶ ይጋነናል። ከሁሉ የከፋው ያልተነበበን ቀን በ0 መሙላት ነው፤ ባዶ ቦታ ይታያል፣ 0 ግን ድርቅ ይመስላል።

መሣሪያ ወይም ቦታ ሲለወጥ አሮጌውና አዲሱ ቢያንስ 1 ዓመት፣ ቢቻል 2፣ ጎን ለጎን ይለኩ። ጋዜጣችሁም አሃዝ ሲያትም የጣቢያውን ከፍታ፣ የንባብ ሰዓቱንና መሣሪያው የተቀየረበትን ዓመት አብሮ ይጠይቅ።

የሜትሮሎጂ ባለሙያዎች፣ ከጎንደር