የልጄ 84 እና የባጃጄ ጥቅስ

ለሐዋሳ ከተማ አስተዳደር ትምህርት መምሪያ
ጉዳዩ፦ ልጆቻችን ምን እየተማሩ እንደሆነ በጊዜው እንዲነገረን ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

የባጃጅ ሹፌር ነኝ። ጠዋትና ከሰዓት የሰፈሩን ልጆች ትምህርት ቤት አደርሳለሁ፣ እመልሳለሁ። የራሴም ልጅ ሦስተኛ ክፍል ናት። ስለዚህ በቀን 2 ጊዜ ትምህርት ቤቱ በር ላይ አልጠፋም። ከበሩ ወዲያ ስላለው ግን የማውቀው አልነበረም።

በመንፈቅ ዓመቱ መጨረሻ ካርድ መጣ። አማርኛ 84። ደስ አለኝ፣ ለስላሳ ጋበዝኳት። በዚያው ሰሞን የባጃጄን የኋላ ጥቅስ ቀየርኩ። ድሮ «ሁሉም ያልፋል» ነበር የሚለው። አሁን «እናት ለዘላለም ትኑር» አስለጠፍኩ። «እስኪ አንብቢልኝ» አልኳት። ፈጠን ብላ «ሁሉም ያልፋል» አለች።

የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። «ና» የምትለዋን ፊደል በጣቴ አሳየኋት። «ነ፣ ኑ፣ ኒ፣ ና» ብላ ከመጀመሪያው እያዜመች ደረሰችባት። ሦስቱን ፊደል ገጣጥማ «እናት» ማለት ግን አቃታት። የድሮውን ጥቅስ ለካ በቃሏ ይዛው ነው እንጂ አንድም ቀን አላነበበችውም።

በማግስቱ መምህሯን ጠየቅኋት። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፣ ልከሳቸው አይደለም የምጽፈው። መምህሯ ጥሩ ሰው ናት፣ ከ60 በላይ ልጆች ታስተምራለች። ደብተሯን ገልጣ አሳየችኝ። ማንበብና የቃል ጽሕፈት ከ10፣ 3። የደብተር አያያዝ 10 ከ10። የቤት ሥራ 10 ከ10፣ እሱን ታላቅ ወንድሟ ነው የሚሠራላት (ይህን ለመምህሯ አልነገርኳትም)። የክፍል ሥራ ከ20፣ 15። ፈተና ከ50፣ 46። ፈተናው ላይ መምህሯ ጥያቄውንም ምርጫውንም ጮክ ብላ ታነባለች፣ ልጆቹ ፊደሏን ያከብባሉ። የኔ ልጅ ጆሮዋ ንቁ ነው። ድምሩ 84።

«ማንበብ ላይ እንደምትቸገር ከጥቅምት ጀምሮ አውቃለሁ» አለችኝ። ከጥቅምት ጀምሮ! እኔ በየቀኑ በር ላይ ቆሜ ደንበኛ ስጠብቅ። «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። የምትነግርበት መንገድ የላትም። ወላጅ የሚጠራው ልጅ ሲደባደብ ነው። ስብሰባ ሲጠራ ደግሞ ወሬው አጥርና መዋጮ ነው። መዋጮውን አልጠላሁም፣ ከፍያለሁ። ስለ ትምህርት የተነሳበት ስብሰባ ግን ትዝ አይለኝም።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል አገር ደነገጠ። ባጃጅ ተራ ላይም ሌላ ወሬ አልነበረም። አሁን ሳስበው ያኔ የደነገጠው ወላጅ 12 ዓመት ሙሉ ካርድ ሲፈርም የኖረ ነው።

ተከታታይ ምዘና፣ ማለትም ልጁን ዓመቱን ሙሉ በየጊዜው መመዘን፣ ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጀምሮ ያለ ነገር ነው። የትምህርት ቤት ማሻሻያ መርሐ ግብርም የኅብረተሰብ ተሳትፎን ከአራቱ ዋና ጉዳዮቹ አንዱ አድርጎታል። አዲስ ሕግ አውጡ እያልኩ አይደለም። ኮሚቴም አታቋቁሙ፣ በእግዜር። መረጃው ተሰብስቧል፣ መምህሯ ደብተር ውስጥ ተጽፏል። የጎደለው ከዚያ ወጥቶ እኔ ዘንድ መድረሱ ነው።

የምለምነው ይህን ነው። በየወሩ ከየክፍሉ ግማሽ ገጽ ጽሑፍ በሩ ላይ ይለጠፍልን። በዚህ ወር ምን ተማሩ? ወሩ ሲያልቅ ልጁ ምን መቻል አለበት? እቤት በ5 ደቂቃ እንዴት ልፈትሸው? «ሦስት ፊደል ያለው ቃል ሳታዜም ታነባለች ወይ?» የሚል አንድ መስመር ጥቅምት ላይ አይቼ ቢሆን ኖሮ ጥር ድረስ አልታለልም ነበር። ካርዱ ላይም የንባብ ውጤት ለብቻው ይጻፍ። ከደብተር አያያዝ ጋር ሲደመር ከ10 ያመጣችው 3 አይታይም።

ጽሑፉ ሁላችን በምናነበው ቋንቋ ይሁን፣ በሲዳምኛም በአማርኛም። አንድ ጓደኛዬ ልጁን የግል ትምህርት ቤት ያስተምራል። በየሳምንቱ የመገናኛ ደብተር ይመጣለታል፣ በእንግሊዝኛ። የሚያነብለት ልጁ ነው። ልጁ ምን እያለ እንደሚያነብለት እግዜር ይወቅ። ማንበብ የማይችል ወላጅም አለ። ለእሱ በክፍሉ ቴሌግራም ግሩፕ የአንድ ደቂቃ ድምፅ ይበቃዋል።

ስብሰባውም በሥራ ቀን ጠዋት አይሁን። ኢንዱስትሪ ፓርክ በፈረቃ የምትሠራ እናት ከፈረቃዋ ቀርታ አትመጣም። ሳትመጣ ስትቀር ደግሞ «ወላጅ ግድ የለውም» ይባላል።

መምህራኑ ላይ ሥራ ሊበዛ እንደሚችል አውቃለሁ። በ60 ልጅ ላይ በየልጁ ደብዳቤ ጻፉ አልልም። አንድ ክፍል፣ አንድ ወረቀት። ንባብ ከ10፣ ከ5 በታች ላመጡት ብቻ ወላጅን ለይቶ ማነጋገር።

እኛ ቤት ወንድሟ የቤት ሥራ መሥራቱን ትቶ ማታ ማታ ማስነበብ ጀምሯል። ባለፈው መነኸሪያ አካባቢ መንገድ ተዘግቶ ቆመን፣ ከፊታችን የነበረችው ባጃጅ ላይ «ር...ቀት...ህን ጠብቅ» ብላ አነበበች። እኔም ፍሬን ያዝኩ።

መልስ በደብዳቤ ይላክልኝ አልልም። በሩ ላይ ከተለጠፈ አየዋለሁ፣ በቀን 2 ጊዜ እዚያው ነኝ።

ከሰላምታ ጋር
የሦስተኛ ክፍል ተማሪ አባት፣ ሐዋሳ