ለአባላት፦ መዋጮው ለምን ከዲዛይን ይጀምራል

ውድ አባላት፣

በባሕር ዳር ከጣና ዳርቻ እስከ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ለእግረኛና ለብስክሌት ብቻ የሚሆን መንገድ እንዲሠራ ስንጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ዲዛይኑ የታለ?» ያናድዳል፤ ግን ልክ ነው። ዲዛይን ከሌለ የዋጋ ግምት የለም፤ ግምት የሌለው ሥራ ደግሞ በጀት አይያዝለትም። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ሰነዱ አስቀድሞ መድረስ አለበት።

ስለዚህ የምናሰባስበው ገንዘብ ለአስፋልት ሳይሆን ለወረቀት ነው፦ ለቅየሳ፣ ለአፈር ምርመራ፣ ለጎርፍ ማፋሰሻ ንድፍ። ማፋሰሻውን ደጋግሜ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ባሕር ዳርን ለብስክሌት ያመቻት ሜዳነቷ በክረምት ውሃውንም ያስተኛዋል። በሁለት አቅጣጫ ለሚሄድ ብስክሌት 3 ሜትር፣ ለእግረኛ ቢያንስ 2 ሜትር ነጻ ስፋት በዲዛይን ውሉ ይካተት እንላለን። በግንቦት 2016 የተመረቀው ድልድይ የብስክሌት መስመር አለው፤ እዚያ እስኪደረስ ግን ከባጃጅ ጋር መጋፋት ነው።

መዋጮው በፈቃደኝነት ነው። ቀያሾችና መሐንዲሶች በሙያችሁ ብታግዙ ከገንዘብ ይበልጥብናል፤ ለጸሐፊው አሳውቁ። ደረሰኝ ሳትቀበሉ ግን ለማንም አትክፈሉ።